በዓሉን ማን ይክፈት

በመሪጌታ አካለ ወልድ ቤት የዓመት በዓል ሰላምታ ተራ አለው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታናሽ ቀድሞ ጉልበት ይስምና «እንኳን አደረሰዎ» ይላል፤ ከዚያ የእሱ ታላቅ፣ ከዚያ የሱም ታላቅ። በአካል መምጣት ያልቻለ ደብዳቤ ይልካል። መሪጌታ ምሳ ሳይቀርብ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤዎቹን በደረሱበት ተራ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ያነባሉ። የመጨረሻው ተነቦ እስኪያልቅ ማንም እጁን አይታጠብም። ሞጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ ወዳጅ የላቸውም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ዘጠኝ ደብዳቤ ተነበበ። ብሩክታይት ከጓዳው በር ተደግፋ ትሰማ ነበር። አንዱ ታጥፎ ሌላው በተገለጠ ቁጥር ልቧ ይመታል፤ የላኪውን ስም ስትሰማ ተመልሶ ይወድቃል። ዘጠነኛውም ከብቸና አልነበረም። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው አንዴ ወደ እሷ ተመለከቱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በመስቀልም እንደዚያው ሆነ።

ብሩክታይት ሞጣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትጠብቀው ሰው፣ ስጦታው፣ ብቸና የውኃ ቴክኒሻን ነው፤ በየቀበሌው እየዞረ የጉድጓድ ፓምፕ ይጠግናል። የተዋወቁት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው። ሦስት ዓመት ተፈላልገው፣ ሁለት ዓመት በስልክ ተነፋፍቀው፣ ባለፈው ፋሲካ ማግስት ስጦታው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ደኅና ተናገሩ። የልጁ አባት ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ ግን አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «አቶ የኔሰው ይባላል። ሸማኔ ነው» አለ። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ድንገት የወለሉን ምንጣፍ ማየት ጀመረ።

መሪጌታ እሺም እምቢም አላሉም። «ልጁን አላውቀውም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀን። አጠያየቁን አይቼ እመልሳለሁ» አሉ። ታላቅ እህታቸው እትዬ ማናለሽ ግን ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ሳይርቁ «እሱ ደግሞ ሰላምታውን ከየት ተምሮት ነው? ከመወርወሪያው?» አሉ።

በሰኔ ስልኩ ተቋረጠ፤ እስከ ገናም አልተመለሰም። ኢንተርኔቱማ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ሰው እንደ ድሮው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ከሞጣ ብቸና የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ባንተአምላክ ከመሪው በላይ ያለችውን የፀሐይ መከላከያ በወረቀት ሞልቶ ይነዳ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ የመሪጌታና የእትዬ ማናለሽ እናት እማሆይ ወለተ ሐና አረፉ። በቀብሩ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ከብቸና ማንም አልመጣም። ጳጉሜን ሦስት ቀን ባንተአምላክ አንዲት ደብዳቤ አደረሰ።

«ለተከበሩ መሪጌታ አካለ ወልድ፤ የእናትዎን የእማሆይ ወለተ ሐናን ዕረፍት ሰምተን እጅግ አዝነናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። እናንተንም ያጽናችሁ። ቤታችሁ እስኪጽናና እኛም በዝምታ እንቆያለን። ስጦታው የኔሰው፣ ከብቸና።»

ብሩክታይት ይህን ደብዳቤ ደጋግማ አነበበችው። አያቷን ያጣችው እሷም ናት። የስጦታውን ፊት እያሰበች፣ ክንዷን ይዞ የሚላትን እየገመተች ነበር ያለቀሰችው። እሱ ግን ለእሷ አንዲት ቃል አላስቀመጠም። «በዝምታ እንቆያለን» የሚለውን ደግሞ ጨዋ ሰው ሳያስቀይም የሚለይበት መንገድ አድርጋ ወሰደችው። መልስ አልጻፈችም። እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ተጠራጠረች፤ መስቀል ሲያልፍ አመነች።

በመስቀል ማግስት አባቷን «እስከ ገና ልጠብቅ አባባ። ለገናም ሰላምታው ካልመጣ፣ ለነ ኃይለ ሚካኤል ሽማግሌዎች የፈለጉትን ይመልሱ» አለቻቸው። ኃይለ ሚካኤል የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ ሞጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሰላምታ ግን አይሰለቸውም። ለእንቁጣጣሽ ይጽፋል፣ ለመስቀል ይጽፋል፣ ለጽጌ ይጽፋል። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ አንዱ ቢጠፋ ብሎ። እትዬ ማናለሽ ሁለቱንም በትራሳቸው ሥር አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊወስዱ የሚመጡት በገና ማግስት ነው።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ብሩክታይት ተጸጸተች። ግን የተናገረችው አባቷ ፊት ነው።

ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ሴት ልጅ ወለደች። ብሩክታይት ሕፃኗን አጥባ፣ ጠቅልላ ስትወጣ የወላዷ እናት ከአግዳሚው ተነሡ።

«እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ። አንቺም እንዲሁ ለወግ ለማዕረግ ብቂ።»

ብሩክታይት አሜን ልትል አፏን ከፈተችና ዓይኗ የሴትየዋ ነጠላ ላይ ቀረ። ጥለቱ አረንጓዴና ቡና ዓይነት ሆኖ እንደ ገብስ ዛላ የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ጥለት ከሻንጣዋ ሥር አንድ አላት። ስጦታው በተመረቁበት ቀን «አባቴ ለማን እንደሆነ ሳልነግረው ገምቶ የሠራው ነው» ብሎ የሰጣት።

«ይህን ነጠላ የት አገኙት እማማ?»

«ብቸና ነዋ። የኔሰው የሚባል ሸማኔ ጎረቤቴ ነው፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። እኔ ስርጉት እባላለሁ፣ ልጄ እዚህ ስላገባች ላርሳት መጥቼ ነው። ምነው፣ ወደድሽው?»

«ቆንጆ ነው።» ሕፃኗን አስተካክላ አቀፈችና እንደ ዋዛ ጠየቀች። «ደኅና ናቸው? የጎረቤትዎ ቤተሰብ?»

«ምን ደኅና ይሆናሉ፤ ሐዘን ላይ ናቸው እንጂ።»

ብሩክታይት ሕፃኗን ይዛለችና ግድግዳውን በጀርባዋ ፈለገችው።

«ማን ሞተባቸው?»

«እሱ ነው እኮ የሚገርመው» አሉ ወይዘሮ ስርጉት፣ አግዳሚው ላይ ተመልሰው እየተቀመጡ። «የራሳቸው ማንም አልሞተም። እዚህ ሞጣ አንዲት መነኩሲት አርፈው ነው። ልጁ የመነኩሲቷን የልጅ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር አሉ። ይኸው ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ አልጎዘጎዙ፣ ለመስቀል ችቦ አላበሩ። ሚስቲቱ አገሬ እስካሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትሄደው። እኔማ ‹ገና ምኑ ተይዞ ነው እንደ ዘመድ ሐዘን የምትቀመጡ?› ብዬው ነበር፣ ለየኔሰው።»

«ምን አሉ?»

«‹ወዳጅ የምንሆነው ቤት እያዘነ እኛ እንጨፍር?› አለኛ። ልጁ ደግሞ ‹አንድ የእንኳን አደረሳችሁ ደብዳቤ ልላክ› እያለ ሲነዘንዘው እሰማለሁ፤ አጥር ነው የሚለየን። አባትየው እምቢ። ሐዘንተኛው ቤት ራሱ በዓሉን ከፍቶ ቀድሞ እንኳን አደረሳችሁ እስኪል፣ ከውጭ ያለ ሰው አይልም። በኛ በኩል እንደዚያ ነው የሚደረግ። ‹አባ፣ ምናልባት ከፍተው ይሆናል› ሲለው ምን አለው መሰለሽ? ‹ልጄ፣ ሌላ ሰው ቢሳሳት ረሳ ይባላል። እኛ ብንሳሳት ሸማኔ ምን ያውቃል ይባላል።›»

ወይዘሮ ስርጉት ይህን ብለው እጃቸውን ለሕፃኗ ዘረጉ። ብሩክታይት ሕፃኗን ሰጠቻቸው። ባዶ የቀሩትን እጆቿን በጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። አራት ወር ሙሉ የተቆጣችው በማን ላይ እንደነበር አሁን ገባት። እሷን ላለማሳፈር እስትንፋሱን ይዞ በቆመ ሰው ላይ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ መሪጌታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ይዘው ነበር። እትዬ ማናለሽ አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። ብሩክታይት ከመቀመጧ በፊት የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

እትዬ ማናለሽ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ሰው ሲፈልግሽ ሰበብ አያጣም። አራት ወር ሙሉ አንዲት መስመር!»

«እኔስ ጻፍኩለት እትዬ?»

«አንቺማ ሴት ነሽ።»

መሪጌታ መጽሐፉን ዘጉ። «ያችን ደብዳቤ አምጪልኝ።»

ብሩክታይት አመጣችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ካነበቡት መስመር በአንዱ ላይ ቆዩና ጣታቸውን አሳረፉበት።

«‹ቤታችሁ እስኪጽናና እኛም በዝምታ እንቆያለን።› የሚያደርገውን ነው የነገረን። እኔ የደብዳቤ ማሳረጊያ መስሎኝ አለፍኩት። ዕድሜ ልኬን ‹አንዲት ቃል አትዝለሉ› እያልኩ የማስተምር ሰው።»

«አካለ፣ አንተ ደግሞ» አሉ እትዬ ማናለሽ። «ይህንን ማን ያውቀዋል? እኛ እንደሆነ በእንቁጣጣሽ በዓሉን አክብረናል።»

«ያስከበርኩት እኔ ነኝ እታለም። እናታችን ቆርባ፣ ዕድሜ ጠግባ ነው ያረፈችው፤ በዓሉም የእግዚአብሔር ነው ብዬ ቄጠማውን ያስጎዘጎዝኩ እኔ። ጎረቤት አየ፣ መጣ፣ ጠየቀን። ብቸና ያለ ሰው ምን አይቶ ይወቅ? ለሱ ማን ነገረው?»

እትዬ ማናለሽ ምስሩን መልቀም ጀመሩ፤ ተዉት።

«ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው ያልሽኝ?» አሉ ብሩክታይትን፣ ሳያዩዋት።

«አዎ እትዬ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ለእናቴ?»

እትዬ ማናለሽ ራሳቸው ነጠላቸውን ያቀኑት ከአርባው ማግስት ነበር። አሁን ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደማያውቁት ነገር አገላበጡት። ከዚያ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡና ብዙ ቆዩ።

«ምን ልጻፍላቸው አባባ?» አለች ብሩክታይት። «ባንተአምላክ ነገ የሚሄድ ከሆነ…»

«በዓሉን የሚከፍተው ሐዘንተኛው ነው አይደል ያሉት? ሐዘንተኛው እኔ ነኝ። በሰው እጅ አልከፍተውም።»

ከውስጥ የእትዬ ማናለሽ ድምፅ መጣ። «መሪጌታ ለሸማኔ ቀድሞ እንኳን አደረሰህ ሊል?» ከዚያ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። «ነጩን ጋቢህን አውጥቼልሃለሁ። ይህኛው አንገቱ ቆሽሿል። እንዲህ ሆነህ ሰው ቤት አትሄድም።»

ብሩክታይት ሳቋና እንባዋ አብረው መጡባት። ሁለቱንም ለመደበቅ ሰፌዱን አንሥታ የእትዬን ምስር መልቀም ጀመረች፤ ንጹሑን ከጠጠሩ ጋር አንድ ላይ እየደባለቀች።

በገና ዋዜማ ጠዋት ከሞጣ ተነሡ። ባንተአምላክ መሪጌታን ከፊት አስቀመጣቸው። ብሩክታይት ከኋላቸው በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ማታ ለማኅሌቱ መመለስ ስላለባቸው መሪጌታ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውታል።

«መሪጌታ፣ እኔ ብዘገይ እንኳ ጌታ ሳይወለድ አደርስዎታለሁ» አለ ባንተአምላክ። «ብቸና ማን አለዎት?»

«እንኳን አደረሳችሁ የምለው ሰው አለኝ።»

ባንተአምላክ በመስታወቱ ብሩክታይትን አያትና እስከ ጉንደወይን ድረስ እያፏጨ ነዳ።

ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ብሩክታይት ፍርሃት ያዛት። ምናልባት ወይዘሮ ስርጉት አጋንነው ይሆናል። ምናልባት አባትየው ናቸው የቆዩት፤ ልጁ ግን ሰልችቶት ይሆናል። አራት ወር ረጅም ነው። እሷስ አራቱን ወር ምን ስታደርግ ነበር? በልቧ ስትከሰው አልነበረም? ጤፉ ታጭዶ የተራቆተው ማሳ በመስኮቱ ያልፋል፣ ክምሩ ያልፋል። ከሻንጣዋ ያወጣችውን የገብስ ዛላ ጥለት ነጠላ ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገሩም። ቆርቆሮ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ከዚያ የመምቻው ድም። መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። ልማዳቸው ከደጅ ሆነው «ቤቶች» ብለው ባለቤቱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ዛሬ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት አተር ይከካሉ። ነጠላቸው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ትከሻቸው ላይ ነው። ቀና ሲሉ መጀመሪያ የመሪጌታን ጥምጥም አዩ፣ ቀጥለው ብሩክታይትን፣ ቀጥለው የለበሰችውን ነጠላ። እጃቸው ከአተሩ ላይ ሳይነሣ ቀረ።

«አቶ የኔሰው» ሲሉ ተጣሩ መሪጌታ።

የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። ከዳሱ ሥር፣ ከሽመናው ጉድጓድ አንድ ከሲታ ሰው ተነሡ። ጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ሰፍሯል። ባዩዋቸው ጊዜ ወደ መሪጌታ ጉልበት ለማጎንበስ ቸኮሉ። መሪጌታ ግን ቀደሟቸው፤ ሁለቱን ትከሻቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ፣ አቶ የኔሰው። ባለቤትዎንም፣ ልጅዎንም እንኳን አደረሳቸው። ለእንቁጣጣሹም ለመስቀሉም ዘግይቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ብሩክታይት አባቷን አየቻቸው። በፋሲካ ለሽማግሌዎቹ «የኔሰውን እንዲህ በሉት» ብለው ነበር የላኩት። ዛሬ «እርስዎ» አሉ።

አቶ የኔሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ቀድመው ሲያጎነብሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የተቀደመ ሰው ምን ምላሽ እንደሚሰጥ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እንኳን… እንኳን አብሮ አደረሰን አባቴ።»

መሪጌታ ትከሻቸውን ሳይለቁ ፊታቸውን ትኩር ብለው አዩ። «እርስዎን አይቻለሁ። በእናቴ አርባ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድንኳኑን ሲያጣጥፉ የቀሩ ሰው ነዎት። ማን ነህ ብልዎ ‹መንገደኛ ነኝ› አሉኝ።»

«መንገደኛስ ነበርኩ» አሉ አቶ የኔሰው፣ ዓይናቸውን ሰብረው። «ስሜን ብናገር ‹አማችነት ሊለምን ለቅሶ መጣ› ይባላል ብዬ ፈራሁ። ሳልደርስ መቅረትም አልሆነልኝ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አንድ ትከሻ ሰብስበው አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው፤ ሲለቋቸው ነጩ ጋቢ ላይ የጥጥ ብናኝ ቀርቶ ነበር። አላራገፉትም።

በዚህ መካከል የቆርቆሮው በር ተንኳኳና ስጦታው ገባ። ቱታው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፤ በእጁ የፓምፕ ቧንቧ ይዟል። መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። ቧንቧውን ማስቀመጥ ረስቶ ቆመ።

ከስቷል። ጺሙን ከተላጨ ሳምንት ሆኖታል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመጽሐፉ በላይ ቀና ብሎ የሚያያት፣ ስታየው ወደ መጽሐፉ የሚመለስ ዓይን። አሁን የሚመለስበት መጽሐፍ የለም።

መሪጌታን ጎንበስ ብሎ ከተሳለመ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «እጄ ዘይት ነው» አለና አንጓውን ዘረጋላት። አንጓውን ጨበጠችው። አልለቀቀችውም።

«ለአባባ አራት መስመር ጻፍክ። ለእኔ አንድም።»

«ሐዘን ቤት ለምትኖር ልጅ ናፈቅሽኝ ተብሎ እንዴት ይጻፋል? ጽፌ ነበር። አባቴ አነበበና ‹ይህ ይቆይ› አለኝ።»

«ትተኸኝ የሄድክ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ መልስሽን ስጠብቅ ነበር። መልስ ከመጣ ተጽናንተዋል ማለት ነው እያልኩ። በየቀኑ መናኸሪያ ወርጄ ባንተአምላክን እጠይቀዋለሁ። እያየኝ መሸሽ ጀምሮ ነበር።»

«እኔ መልስ ያልጻፍኩት ተቆጥቼ ነው።» አንጓውን አጥብቃ ያዘችው። «በገና ሰላምታ ካልመጣ ለሌሎች ሽማግሌዎች መልስ ይስጡ ብዬ ለአባባ ቃል ሰጥቻለሁ። ነገ ገና ነው፤ የሚመጡት በማግስቱ ነው።»

ስጦታው ፊቱ ተለወጠ። ወደ መሪጌታ አየ፣ ወደ አባቱ አየ። አቶ የኔሰው ይህን የሰሙ መሆናቸው ከትከሻቸው ያስታውቃል፤ ስለ አንድ ነገር ያለ ልክ ተጠንቅቀው ያንኑ ነገር ሊሰብሩት እንደነበር አሁን ገና ነው የገባቸው።

«ጥፋቱስ የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጁ ጽፏል። እኔ ነኝ የያዝኩት።» ወደ ዳሱ ተመልሰው ድርና ማግ ከሚያስቀምጡበት ሳጥን ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡና በሁለት እጃቸው ለመሪጌታ ሰጡ። «ሲፈቀድ ይላካል ብዬ ነው። እንግዲህ ለባለቤቱ ይድረስ።»

መሪጌታ የቀረበላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ። ቀኑን አይተው ወረቀቶቹን በተራቸው አደረጉ። ብሩክታይት ምን ሊሆን እንደሆነ ሲገባት ፊቷ ጋለ።

«አባባ፣ እቤት ስንደርስ…»

«ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ነው የሚነበብ» አሉና ጉሮሮአቸውን ጠርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በብቸና፣ በሸማኔ ግቢ ውስጥ የእንቁጣጣሽ ሰላምታ ተነበበ። ለመሪጌታ፣ ለእትዬ ማናለሽ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ በየማዕረጋቸው እንኳን አደረሳችሁ ይላል። በመጨረሻ መሪጌታ ትንሽ አመነቱ፤ ቃል ግን አይዘሉም።

«‹ለብሩክታይት፦ ዘንድሮ አደዩ በጣም ብዙ ነው። አንቺ ሳታዪው እንዳይረግፍ ስል ጠዋት ጠዋት ሄጄ አየዋለሁ፤ እኔ ሳየው የሚቆይ ይመስል።›»

ወይዘሮ አገሬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ስጦታው ቧንቧውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

መሪጌታ ፊታቸውን ሳይለውጡ ሁለተኛውን ገለጡ። ይህ የመስቀል ነው። «‹ለብሩክታይት፦ ደመራው ወደ ሞጣ በኩል ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ለመኸሩ መልካም ነው አሉ። እኔ የማስበው ስለ መኸሩ አልነበረም።›»

ሦስተኛው ላይ ቀኑና የመሪጌታ ስም ብቻ ተጽፏል። ከሥሩ «እንኳን ለ» የሚል አለ፤ ሌላው ባዶ ነው።

«ያልጨረስኩት እሱን ነው» አለ ስጦታው። «ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም ነበር። ከዚያ በላይ እጄ አልሄደም።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «እጅህን ታጠብና ጨርሰው። የነገ ነው፤ በተራው ነገ ይነበባል።» ከዚያ ወደ አቶ የኔሰው ዞሩ። «ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎችዎን እንደገና ይላኩልኝ። በዚያን ጊዜ ራስዎም ይምጡ። ስምዎን ተናግረው፣ ከፊት ነው የሚቀመጡት።»

አቶ የኔሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው ነቀነቁ።

«አንቺስ?» አሉ መሪጌታ ልጃቸውን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በገና ማግስት ሰዎች ይመጣሉ። ቃልሽን ይዣለሁ። ሰላምታው በገና ካልመጣ ነበር ያልሽኝ። ምን ልበላቸው?»

«እንኳን አደረሳችሁ ይበሏቸው አባባ» አለች ብሩክታይት። «በደንብ አድርገው ይበሏቸው። ከዚያ በሰላም ይሸኙልኝ።»

በመሪጌታ ጺም ሥር ፈገግታ አለፈ።

ስጦታው እጁን ታጥቦ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ላይ እየጻፈ ሳለ ወይዘሮ አገሬ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በሁለት እጃቸው ለመሪጌታ የሚጠጣ ውኃ ይዘው ነበር። ነጠላቸው ተቃንቷል። የገብስ ዛላው ጥለት እንደ ብሩክታይት ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ከእግራቸው አጠገብ ይወዛወዛል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ወይዘሮ አገሬ የብሩክታይትን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት፤ እናት ልጇን ወደ በዓል ስትልክ እንደምታደርገው።

መናኸሪያው ላይ ባንተአምላክ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቃቸው። ስጦታው ደብዳቤውን በመስኮት ሲያቀብል ሹፌሩ እንደ ልማዱ ተቀብሎ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሊሰካው እጁን ሰነዘረ።

«ይህኛው በእጄ ይሂድ» አለች ብሩክታይት።

መኪናው ሲነሣ ስጦታው አብሮ ጥቂት ተራመደ። በመስኮቱ «እንኳን አደረሰሽ» አላት። አራት ወር የያዛት ቃል ነበረች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችው።

ደብዳቤው ሳይከፈት ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ነገ ከምሳ በፊት አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ እትዬ ማናለሽ ይሰማሉ፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ትንሽ ያመነታሉ። ምን እንዳለበት አታውቅም። ለማወቅም አልቸኮለችም። የደብረ ወርቅ ዳገት ሲጀምር መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጋደም አደረገች፤ ወረቀቱ የራሷን ሙቀት መልሶ ሰጣት።